«አይታይም» ማለት «የለም» ማለት ነውን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስለ ኤችአይቪና ስለ ሕክምናው ለሰፈሬ ሰዎች በበጎ ፈቃድ የማስተምር ሴት ነኝ። በቅርቡ በአንድ ስብሰባ ላይ፣ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ እንደሚቀንስና በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ወደ ሌላ ሰው እንደማይተላለፍ ስናገር አንድ ጎልማሳ ተነሥተው «ካልታየ ድኗል ማለት ነው፤ ታዲያ መድኃኒቱን ለምን አይተወውም?» አሉኝ። አንዲት እናት ደግሞ «እንዲህ እያልሽ ሰውን አታዘናጊ» ብለው ተቆጡኝ። ለሁለቱም የሰጠሁት መልስ እኔን ራሴንም አላረካኝም። እንዴት ላስረዳቸው?

መልስ፦ የጎልማሳው ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ መድኃኒታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ያቋረጡ ብዙ ሰዎች ያቋረጡት ይህንኑ አስበው ነው። ኤችአይቪ ሲዲ ፎር በሚባሉት የነጭ ደም ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ የራሱን ዘረ መል ከሕዋሱ ዘረ መል ጋር ያዋህዳል። መድኃኒቱ ቫይረሱ ተባዝቶ አዳዲስ ሕዋሳትን እንዳይወር ያግደዋል፤ ቀደም ብለው ከተያዙት መካከል አድፍጠው የሚቆዩትን ጥቂት ሕዋሳት ግን አያጠፋቸውም። ለተሰብሳቢዎችዎ የተዳፈነ እሳትን ይጥቀሱላቸው። ጭስም ነበልባልም የለውም፤ አመዱን ገለጥ ያደረገ ሰው ግን ፍሙን ከሥር ያገኘዋል። መድኃኒቱ ሲቋረጥም በአብዛኛው ሰው ላይ ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ በደም ውስጥ መቆጠር ይጀምራል። በምርመራው ወረቀት ላይ የሚጻፈው «አይታይም» የሚለው ቃል የቫይረሱ መጠን መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው፤ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ይህ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ50 የቫይረስ ቅጂ በታች ነው።

የተቆጡት እናት ሥጋት ከመልካም ልብ የመነጨ ቢሆንም ማስረጃው ከእርስዎ ጋር ነው። አንደኛው ወገን ቫይረሱ በደሙ የሚገኝ፣ ሌላኛው ግን ነፃ የሆነባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች ለዓመታት ያለ ኮንዶም እየኖሩ የተሳተፉባቸው ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2019 ይፋ ሆነዋል። ቫይረሱ በመድኃኒት ከተገታበት ሰው ወደ አጋሩ የተላለፈ አንድም አልተገኘም። በጥናቱ ጊዜ በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች አልታጡም፤ ነገር ግን የቫይረሱ ዘረ መል ሲመረመር ከጥናቱ አጋራቸው ሳይሆን ከሌላ ሰው የመጣ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 የቫይረሱ መጠን የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የማስተላለፍ ዕድሉ ዜሮ መሆኑን በግልጽ አስታውቋል። እርስዎ ግን ሲያስተምሩ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር የሚሄዱትን ሁኔታዎች አይጣሏቸው። ቫይረሱ እዚህ ደረጃ እስኪደርስ እስከ ስድስት ወር ሊወስድ ይችላል፤ መድረሱ የሚታወቀው በቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን በሚለካ ምርመራ እንጂ በመወፈር ወይም በፊት መልክ መመለስ አይደለም፤ ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን አይከላከልም፤ መርፌና ስለት በጋራ ለሚጠቀሙ ሰዎችም ይህ ቃል አልተሰጠም።

ማዘናጋት የተባለውን ነገር በተመለከተ የራሴን አስተያየት ልጨምር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መድኃኒት ስላልነበረ ትምህርቱ ሁሉ በማስፈራራት ላይ የቆመ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ጥምር መድኃኒቱ ሲመጣ በሽታው ዕድሜ ልክ ወደሚታከም ሕመም ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ደግሞ ማንኛውም ሰው ቫይረሱ እንደተገኘበት፣ የሲዲ ፎር ቁጥሩ ምንም ያህል ቢሆን፣ ሕክምና እንዲጀምር ይመከራል። ፍርሃቱ ግን ባለበት ቀርቷል፣ ሰውም ዛሬ የሚደበቀው ከዚሁ ፍርሃት ነው። በሥራዬ ያገኘሁት አንድ ወጣት የብልቃጡን ወረቀት በጥፍሩ ፍቆ አንሥቶ፣ እንክብሎቹ ኪሱ ውስጥ እንዳይንኳኩ በጥጥ ጠቅልሎ ይይዛቸው ነበር። ብልቃጡ ውስጥ ያለችውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢትም ጥሏታል። ሰው ባለበት ስለማይወስድ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይዘለው ነበር፣ ቫይራል ሎዱም በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1,000 ቅጂ በላይ ወጣ። ይህን ልጅ ያዘናጋው ማን ነው?

ቁጥሩ እንዲህ ከፍ ሲል የመጀመሪያው እርምጃ መድኃኒት መቀየር አይደለም። ምክር ተሰጥቶ፣ አወሳሰዱ ተስተካክሎ፣ በሦስት ወር ገደማ ምርመራው ይደገማል፤ እንደገና ከፍ ካለ ያን ጊዜ ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዶ እንደሆነ ይታያል። ያ ወጣትም ለታላቅ እህቱ ነገራትና ማታ ማታ ከእራት በኋላ እሷ ፊት መውሰድ ጀመረ፤ የተደገመው ምርመራም ወረደ። አሁን በስፋት የሚሰጠው መድኃኒት ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ እንክብል ተጠቃለው በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጡበት ስለሆነ በአንድ የታወቀ ሰዓት ማሰር ይቻላል። የረሳ ሰው ባስታወሰ ጊዜ ይውሰድ፤ ሁለቱን ደርቦ ግን አይዋጥ። ለጨጓራ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ የብረትና የካልሲየም እንክብሎችም ዶሉቴግራቪር ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ እነዚህን የሚወስድ ሰው ሰዓቱን ከጤና ባለሙያው ጋር ያስተካክል። የቲቢ መድኃኒት ለሚጀምርም እንዲሁ ነው፤ ሪፋምፒሲን የዶሉቴግራቪርን ኃይል ስለሚቀንስ መጠኑ ይጨመራል።

ጥያቄ፦ ቫይረሱ በደሟ የሚገኝ የአጎቴ ልጅ እኛ ዘንድ ልትኖር መጥታለች። እናቴ ብርጭቆና ሳህን ለብቻዋ ለየችላት። እኔ ነገሩ ደስ አላለኝም፤ ግን በእርግጥ አደጋ የለውም?

መልስ፦ የለውም። ኤችአይቪ በምራቅ፣ በላብ፣ በእንባ፣ በምግብ፣ በመጸዳጃ ቤትም ሆነ በትንኝ አይተላለፍም። ለየብቻ ሊሆን የሚገባው ደም ሊነካው የሚችል ምላጭና መርፌ ነው፤ ይህ ደግሞ ቫይረስ በማንም ደም ባይኖርም ለየብቻ ነው። እናትዎን በክርክር ለመርታት አይሞክሩ፤ ከአጎትዎ ልጅ ጋር ተቀምጠው ከዚያው ብርጭቆ ሲጠጡ ይዩዎት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቫይረሱ የለበትም፣ እኔ ግን አለብኝ። መድኃኒት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ልጅ መውለድና ማጥባት እንፈልጋለን።

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ትንሽ ይታገሡ። የቫይራል ሎድ ምርመራዎ ቫይረሱ መገታቱን እስኪያሳይ ድረስ በኮንዶም ይጠቀሙ፤ ባለቤትዎም ከጤና ባለሙያ ጋር ተመካክረው አስቀድሞ የሚወሰደውን የመከላከያ መድኃኒት ሊወስዱ ይችላሉ። ሕክምና ሳይኖር ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በማጥባት ጊዜ ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፤ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል፣ ከመፀነስዎ በፊት ቫይረሱ ከተገታና እንደተገታ ከቆየ ደግሞ እጅግ ያንሳል።

ማጥባትን በሚመለከት ከላይ የተነገረው «ዜሮ» የሚለው ቃል አይሠራም፤ ጡት ማጥባት የተለየ መንገድ ነው፣ ዕድሉም ጠባብ ቢሆን ጨርሶ አይጠፋም። ስለዚህ ካጠቡ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ጡት ብቻ ይስጡ፣ መድኃኒቱንም አንድ ቀን ሳያሳልፉ ይውሰዱ። ሕፃኑም እንደተወለደ መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜም ይመረመራል። ያ ውጤት ነፃ ቢሆንም ማጥባቱ እስካለ ድረስ ጉዳዩ አልተዘጋም፤ የመጨረሻው ምርመራ የሚደረገው ልጁ 18 ወር ሲሞላው ወይም ጡት ካቆመ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከሁለቱ በሚዘገየው ጊዜ ነው።