የካፖርቱን ዋጋ ከደመወዜ ቆረጡት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አንድ ድርጅት በር ላይ ጥበቃ ነኝ። የቀጠረኝ ግን ኤጀንሲ ነው። ውሌ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ ቅጂውን አይሰጡኝም። ሰሞኑን ደግሞ የካፖርቱን ዋጋ ከደመወዜ ቆረጡ። የአዘዞ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት ሲቀነስ ምን ይተርፈኛል? ጓደኞቼ «ሥራ እናቁም» ይላሉ። ብንባረርስ?
ጥበቃው፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ከካፖርቱ እንጀምር፤ እኔንም ያናደደኝ እሱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ እንዲሁ ተነስቶ ደመወዝ አይቆርጥም። ሕግ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪ ጋር የሚፈራረመው)፣ የሥራ ደንብ ወይም የእርስዎ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ምን ላይ እንደፈረሙ ማወቅ አለብዎት። ቅጂውን በደብዳቤ ይጠይቁ፤ የደብዳቤውን ግልባጭ ያስቀሩ።

ውልን እየቆራረጡ ማደስ ብቻውን ቋሚውን ሥራ ጊዜያዊ አያደርገውም። በሩ እንደሆነ በየቀኑ ይጠበቃል!

ሥራ ከማቆም በፊት ግን የሠራተኛ ማኅበር አቋቁሙ። በየበሩ ተበትናችሁ ብትውሉም አሠሪያችሁ አንድ ነው፤ 10 ከሞላችሁ መደራጀት ትችላላችሁ። በማኅበር አባልነት ምክንያት ማባረር ክልክል ነው። ሥራ ለማቆም ደግሞ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ግድ ነው። ዝም ብሎ በር ጥሎ መሄድ ለኤጀንሲው ሰበብ መስጠት ነው።