ፓስ ወይስ ነጠላ ትኬት?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 24 ነው፤ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። በሐምሌ ፕራግን፣ ቪየናንና ቡዳፔስትን በትንሽ ገንዘብ ማየት አስቤአለሁ። የኢንተርሬይል ፓስ (በብዙ የአውሮፓ አገሮች በባቡር የሚያስኬድ አንድ ትኬት) ልግዛ?

መልስ፦ ለዚህ መስመር ባትገዢ ይሻላል። ፓሱ እስከ 27 ዓመት ላሉ ቅናሽ ቢኖረውም የሚያዋጣው ረጅም መንገድ ቶሎ ቶሎ ለሚጓዝ ነው። ያንቺ ከተሞች ይቀራረባሉ፦ ከፕራግ ቪየና 4 ሰዓት ገደማ፣ ከቪየና ቡዳፔስት ከ3 ሰዓት በታች። ነጠላ ትኬት ሳምንታት ቀድመሽ ከባቡር ድርጅቶቹ ድረ ገጽ ግዢ። ርካሹ ትኬት ግን ለተያዘለት ባቡር ብቻ ነው፤ ካመለጠሽ ገንዘቡ ቀረ።

ብዙ ሰው የሚከስረው ምንዛሪ ላይ ነው። ቼክ በኮሩና፣ ሃንጋሪ በፎሪንት ይገበያያሉ። ኤቲኤሙ «በዩሮ ላስላልሽ?» ካለሽ እምቢ በይው፤ የሚሰጥሽ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከባንክሽ የባሰ ነው። ፕራግና ቡዳፔስት ውስጥ የከተማ ትራንስፖርት የወረቀት ነጠላ ትኬት ከገዛሽ ማኅተም በሚመታው ማሽን አስመቺው፤ ያልተመታ ትኬት እንደሌለ ይቆጠርና ትቀጫለሽ።

ለሆስቴሉ (ርካሽ የጋራ ማደሪያ) የዕቃ ሳጥን የራስሽን ጓጉንቸር ያዢ፤ እዚያ ማከራየት ይወዳሉ። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድም ከእጅሽ አይለዩ፤ ሼንገን (በመካከላቸው በአብዛኛው ያለ ድንበር ቁጥጥር የሚታለፍባቸው አገሮች) ውስጥም ባቡር ላይ ፍተሻ አለ።