ከሚልት ካል እርሳስ ምን እንማር?

ጥያቄ፦ የአኒሜሽን ተማሪ ነኝ፤ ለመመረቂያዬ አጭር ፊልም እየሠራሁ ነው። የዲዝኒውን አኒሜተር የሚልት ካልን ሥዕሎች ስለምወዳቸው ብዙዎቹን በእርሳስ ገልብጫለሁ። መምህሬ ግን ገጸ ባሕርያቴ የእርሱን ሥራ ከመምሰል እንዳላለፉና የራሴ እጅ እንደማይታይባቸው ነገሩኝ። ማጥናቴን ልተው ወይስ ሌላ መንገድ አለ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማጥናትዎን አይተዉ። መምህርዎ ያዩት ጉድለት የመጣው ብዙ ከመገልበጥዎ ሳይሆን፣ ሲገለብጡ ዓይንዎ መስመሩ ላይ ከመቅረቱ ይመስለኛል።

ብዙ ተማሪዎችን የሚማርከው ያ ሻካራና ጥቁር መስመር የካል ጠባይ ብቻ አይደለም። ቀደም ባሉት የዲዝኒ ፊልሞች አኒሜተሩ በእርሳስ የሠራውን ሥዕል ሌሎች ባለሙያዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ሴሉሎይድ በተባለ ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ገጽ ላይ በቀለም በጥንቃቄ ይደግሙት ስለነበር የእርሳሱ ሻካራነት ተስተካክሎ ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው «አንድ መቶ አንድ ዳልሜሽያኖች» ግን የእርሳሱ ሥዕል በዜሮክስ (የቅጂ) ማሽን በቀጥታ ወደ ሴሉሎይዱ ተላለፈ። ስለዚህ ያንን መስመር ዛሬ በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት በከፊል የማሽኑን አሻራ መቅዳት ነው፤ የካል ትልቅነት የሚገኘው የገጸ ባሕርያቱን አካል ክብደት በያዘበት መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው «የጫካው መጽሐፍ» ካል የሣለው ነብር ሽር ካን አጋዘን ለመያዝ እያደባ የሚራመድበትን ቦታ ይክፈቱና ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም እያንዳንዱን ነጠላ ምስል በተራ፣ ይመልከቱት። ፊልሙ በሴኮንድ 24 ፍሬም አለው፤ አንድ ሥዕል ብዙ ጊዜ ለሁለት ፍሬም ስለሚቆይ በሴኮንድ የሚያገኙት 12 ያህል ሥዕል ነው። ነብሩን በሙሉ አይሳሉት፤ የጀርባውን መስመር፣ ትከሻውንና መሬት የረገጠውን እግር ብቻ በጥቂት ጭረት ያስፍሩ። የፊት እግሩ ክብደት ሲሸከም የትከሻው አጥንት ከጀርባው በላይ ብቅ ይላል፤ እግሩ ሲነሣ ደግሞ ዝቅ ይላል። ይህን ካዩ በኋላ ፊልሙን ዘግተው የሰፈርዎን ድመት ስትራመድ ይሳሉ። ያው እንቅስቃሴ በእርሷም ላይ አለ፤ መስመሩ ግን ከእርስዎ ዓይን የመጣ ይሆናል።

በአንድ ሠዓሊ ብቻ መወሰንም አያዋጣም። ሌላው የዲዝኒ አኒሜተር ቢል ታይትላ እ.ኤ.አ. በ1940 ለወጣው ፊልም «ፋንታዚያ» ከተራራ ጫፍ ክንፉን የሚዘረጋውን አስፈሪ ጋኔን ቼርናቦግን ሣለ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ገላውን እየታጠበ በእናቱ እግሮች መካከል የሚቦርቀውን ሕፃኑን ዝሆን ዳምቦን ሠራ። የዳምቦን የፊት ሁኔታ የቀዳው ከገዛ ትንሽ ልጁ ነበር። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው፣ አንድ እጅ ይህን ያህል ሊለያይ የቻለው ሠዓሊው እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ከሕይወት ስለፈለገው እንደሆነ ግልጽ ነው። እኔ ከሁሉም አብልጬ እንዲወርሱ የምመኝልዎ ይህንን ልማድ ነው።

የገለበጧቸውን ሥዕሎች የሠዓሊውንና የፊልሙን ስም ጽፈው በተለየ ደብተር ያኑሩ፤ ወደ መመረቂያ ፊልምዎ ግን አያስገቧቸው። ገጸ ባሕርይዎን ከመሣልዎ በፊት ዕድሜውን፣ ክብደቱንና ሲደክመው የሚያርፍበትን እግር ይወስኑ። ለመምህርዎም በመጀመሪያ የእርምጃውን ጭረቶች ብቻ ያሳዩአቸው፤ ክብደቱ ከታያቸው በኋላ ፊቱንና ልብሱን ይጨምሩ።