ትንበያው ልክ ሆኖ ሰው ካልገባውስ?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ፊዚክስ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ሜትሮሎጂ (የአየር ሁኔታ ሳይንስ) መግባት እፈልጋለሁ፣ ግን መጻፍና ሰው ፊት ማውራትም እወዳለሁ፣ የቱን ልተው? ነው ያልሽኝ። የቱንም አትተዪ። አደገኛ የአየር ሁኔታ ትንበያ ላይ እኮ የሚጠፋው ሁለቱንም የሚችል ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ታይፉን ሃይያን የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ፊሊፒንስን ሲመታ ትንበያው ቀድሞ ወጥቶ ነበር፣ ንፋሱ ባህሩን ገፍቶ ወደ የብስ እንደሚያስገባውም ተነግሯል፣ ግን የተነገረው "ስቶርም ሰርጅ" ተብሎ ነው፣ ታክሎባን በምትባለው የባህር ዳር ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው ቃሉን ሰማው እንጂ ምን እንደሚመጣበት አልገባውም፣ በኋላ ከተረፉት ብዙዎቹ ሱናሚ ብትሉን ኖሮ እንሸሽ ነበር አሉ። ከ6 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ሁሉም በአንድ ቃል ምክንያት ሞተ እያልኩ አይደለም፣ የሸሹበት መጠለያ ውስጥ ውሃ የገባባቸውም አሉ፣ ግን ይሄ ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር ያመኛል፣ ምክንያቱም ሳይንሱ ስራውን ሰርቶ ነበር።

ሂሳቡን ግን እንዳትሸሺው። ካልኩለስ፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ትንሽ ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ)። በተለይ ስታቲስቲክስ! የአየሩ መነሻ ላይ ያለች ትንሽ ልዩነት ከቀናት በኋላ ሌላ ውጤት ስለምታመጣ ትልልቅ የትንበያ ማዕከሎች ሞዴሉን፣ ማለትም አየሩን የሚያሰላውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አንዴ ብቻ አይደለም የሚያስኬዱት፣ መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየቀያየሩ 50 ጊዜ ያህል ያስኬዱታል፣ ከዛ ውስጥ 40ው ዶፍ ዝናብ ካሳየና 10ሩ ካላሳየ ለህዝቡ ምን ትያለሽ? ስራው እዚህ ጋ ነው። በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መስፈርት ሜትሮሎጂስት ለመባል የዲግሪ ደረጃ ትምህርት ያስፈልጋል፣ አንቺ የፊዚክስ ዲግሪሽን ጨርሰሽ በድህረ ምረቃ ብትገቢም ይሆናል፣ ስለዚህ አሁን ዲፓርትመንት ልቀይር ብለሽ አትጨነቂ።

ከዛሬ ጀምሮ የምትለማመጂውን ልንገርሽ። አንድ ትንበያ ውሰጂ፣ "በ6 ሰዓት ውስጥ 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጠበቃል" የሚል ይሁን። እንዲህ ብለሽ ጻፊው፦ "ዛሬ ማታ ወንዙ ሞልቶ ሊወጣ ይችላል። መኪናችሁን ከወንዝ ዳር አሁኑኑ አንሱ፣ ውሃ የሸፈነው መንገድ ላይ አትንዱ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ሊወስድ ይችላል።" ከዛ ስለ አየር ምንም ለማያውቅ ሰው አንብቢለትና አሁን ምን ታደርጋለህ በይው። ጃንጥላ እይዛለሁ ካለሽ እንደገና ጻፊው። ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ወዲያው አይሮጥም፣ መጀመሪያ በመስኮት ያያል፣ ዘመድ ጋ ደውሎ እውነት ነው ወይ ይላል፣ ስለዚህ ሬዲዮውም ስልኩም የሰፈር ሰውም አንድ አይነት ነገር እንዲናገሩ ማድረግ የስራው ትልቁ ክፍል ነው።

ከባዱን ነገር አልደብቅሽም፣ የሌሊት ሽፍት አለው፣ በዓል ቀን ትሰሪያለሽ። ከዛ የሚብሰው ግን አስጠንቅቀሽ ሳይመጣ ሲቀር ነው፣ ያኔ ዝም ማለት የለም፣ በማግስቱ ወጥተሽ ለምን እንዳስጠነቀቅሽና ምን እንደተቀየረ በግልጽ ታስረጃለሽ፣ ካልሆነ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰማሽ የለም።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ማስጠንቀቂያዎች ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።