የታይሮይድ ኪኒን በጾም ወቅት፦ ጠዋት ወይስ ማታ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው። የታይሮይድ ሆርሞን አነሰሽ ተብዬ ሌቮታይሮክሲን 100 ማይክሮግራም ከጀመርኩ 3 ዓመቴ ነው። ሌላ ጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት እውጣለሁ። በዐቢይ ጾም ግን እስከ 9 ሰዓት ውኃም ስለማልቀምስ፣ ስፈታ ከምግብ ጋር እወስድና ቡና አስከትላለሁ። ከፋሲካ በኋላ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ) ከ3 ወደ 9 ወጥቶ ተገኘ፤ መጠኑ ሊጨመርልኝ ነው። ማታ ማታ ብወስደውስ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ኪኒኑን እንዴት ሲውጡ እንደከረሙ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ ተውጦ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከ60 እስከ 80 በመቶው ነው፤ ምግብና ቡና ሲደረብበት ከዚያም ይወርዳል። ቲኤስኤች አዲሱን ልኩን ለመያዝ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። ስለዚህ የፋሲካ ማግስት ውጤትዎ የሚያሳየው የጾሙን አወሳሰድ ነው። አሁን ኪኒኑ ወደ 125 ከፍ ብሎ እርስዎ ወደ ጠዋት 12 ሰዓት ቢመለሱ፣ ሳምንታት ቆይቶ የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት ሊከተል ይችላል። ያኔ ደግሞ መጠኑ ይቀነሳል፤ በሚቀጥለው ጾም ያው ዑደት።

ማታ መውሰድ ይችላሉ፤ ለጾመኛ እንዲያውም የተሻለው እሱ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት በመኝታ ሰዓት የወሰዱት ቲኤስኤች ይበልጥ መውረዱን አሳይቷል። በጠዋትና በማታ መካከል ልዩነት ያላገኙ ጥናቶችም ስላሉ ማታ ለሁሉም ይበልጣል አንልም። ሆዱ ባዶ ይሁን፣ ሰዓቱ አይቀያየር፤ የቀረው እንደ አመቺነቱ ነው።

ባዶ ሆድ ማለት ማታ ከመጨረሻው ምግብ ቢያንስ 3 ሰዓት በኋላ ነው። እራት 1 ሰዓት ከበሉ ኪኒኑ 4 ሰዓት ላይ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል፤ እኩለ ሌሊት ስላልሆነም ጾሙን አይነካም። እራት ተበልቶ ሲጨዋወቱ ቡና ከተፈላ ግን ቆጠራው ከቡናው ይጀምራል። እራታቸውን አምሽተው ለሚበሉ ሰዎች የማታው መንገድ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ለእነሱ ጠዋት ይሻላል፤ ከቁርስም ከቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ። በጾም የሚዘወተረው የአኩሪ አተር ወተትም መድኃኒቱን ስለሚያስቀር ከኪኒኑ ይራቅ።

ማታን ከመረጡ ፋሲካ ሲመጣም እዚያው ይቆዩ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ይለኩና የመጠኑ ነገር ያን ጊዜ ይወሰን።

ጥያቄ፦ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የደም ማነስ ኪኒንና የታይሮይዱን አንድ ላይ ብውጥ ችግር አለው? ስረሳስ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አንድ ላይ አይውጡ። የደም ማነስ ኪኒኑ ውስጥ ያለው አይረን ሌቮታይሮክሲኑን ሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ካልሲየምና የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕም እንደዚሁ ናቸው፤ ሁሉም ከታይሮይዱ ኪኒን በ4 ሰዓት ልዩነት ይራቁ። የታይሮይዱን ጠዋት 12 ሰዓት፣ አይረኑን ከምሳ በኋላ ቢያደርጉ አይጋጩም። ኦሜፕራዞል ግን የሆድ አሲድን ቀኑን ሙሉ ስለሚቀንስ ሰዓት ማራራቅ አይፈታውም፤ እየወሰዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

በእርግዝና የሆርሞን ፍላጎት ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል፤ ስለዚህ እስከ እርግዝናው አጋማሽ ቲኤስኤች በየ4 ሳምንቱ ይለካል። እርስዎ እዚያው ላይ ስለሆኑ፣ ባለፈው ወር ካልተለኩ በዚህ ሳምንት ይለኩ።

ጠዋት ከረሱ የዚያኑ ዕለት ማታ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ ይውጡት። ማግስቱን ካስታወሱ የዕለቱን አንድ ብቻ ይውሰዱ፣ ሁለት አይደርቡ። መድኃኒቱ ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት አንድ ቀን መዝለል ብዙ አያናጋም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከሆነ ግን በምርመራው ላይ ይታያል።