መልስ፦ ወንጌል ይቅደም ወይስ እርዳታ?

ወንድሜ፣ "ሳንሰብክ ዳቦ ብቻ ብንሰጥ ተልእኮ ይባላል ወይ?" ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ ሁለቱን ማፎካከሩ ራሱ ልክ አይመስለኝም። ያዕቆብ 2፥15-16ን እየው። የራበውን ሰው በመልካም ቃል ብቻ መሸኘት ምን ይጠቅማል ይላል። በሉቃስ 10 ያለው ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው ሃይማኖቱን አልጠየቀውም፤ ቁስሉን አሰረለት፣ በራሱ አህያ ላይ አድርጎ ወሰደው፣ ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ በዚያ ላይ "ተጨማሪ ካወጣህ ስመለስ እከፍልሃለሁ" አለ (ይሄን መመለሱን ነው ብዙዎቻችን የምንረሳው፣ አንዴ ሰጥተን ፎቶ ተነስተን እንጠፋለን)። የምትረዳቸው ሰዎች ስለ እምነትህ ከጠየቁህ ደስ ብሎህ ንገራቸው። ግን እርዳታውን የስብከት መያዣ አታድርገው፤ የራበው ሰው እምቢ ለማለት ይቸግረዋል። ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ራሳቸውን ጠይቃቸው።