የማይካ ሲቮን ታሪክ ከ2019 አትጀምረው

ከሲድኒ ብላክታውን ለጻፍክልኝ ወንድሜ፣

ዕድሜህ 19 ነው፤ የአራት ዓመቱን የኤሌክትሪክ ሙያ ሥልጠና አጋምሰሃል። አንድ የራግቢ ሊግ ክለብ በተጠባባቂ ቡድኑ ቀን ቀን እንድትለማመድ የአንድ ዓመት ውል ስላቀረበልህ ሥልጠናውን ልታቋርጥ ነው። «ፊጂያዊው ማይካ ሲቮ በ25 ዓመቱ ጀምሮ ከተሳካለት እኔ በ19 ምን ያንሰኛል?» ትላለህ።

ሲቮ ያንተ ምስክር አይደለም፤ የእኔ ነው። በፊጂ ዋናው ጨዋታ 15 ሰው የሚሰለፍበት ራግቢ ዩኒየን ነው። በ13 ሰው የሚጫወተውን ሊግ መተዳደሪያ ማድረግ የሚፈልግ ልጅ ባሕር መሻገር አለበት። ሲቮም አውስትራሊያ መጥቶ ጉንዳጋይ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ተጫወተ፤ ቀጥሎም በታችኛው ሊግ ቆየ። ፓራማታ ኢልስ የተባለው የሲድኒ ክለብ በዋናው ቡድን ያሰለፈው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ በዚያው የውድድር ዘመን 22 ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ መስመር ባሻገር መሬት በማስነካት የሚገኝ ውጤት) አስቆጥሮ የሊጉ ቀዳሚ ሆነ። እናንተ ወጣቶች ታሪኩን የምትጀምሩት ከዚህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታትስ? በ25 መጀመር ይቻላል ማለት እስከ 25 ድረስ የሚያኖር ሌላ ሥራ ያስፈልጋል ማለት ነው።

መጨረሻውንም ተመልከት። ሲቮ ለ2025 ወደ እንግሊዙ ክለብ ሊድስ ተዛወረ። ገና በሱፐር ሊግ፣ ማለትም በእንግሊዝ ከፍተኛው የራግቢ ሊግ ውድድር፣ አንድ ጨዋታ ሳያደርግ በወዳጅነት ግጥሚያ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰና ዓመቱ በሙሉ አመለጠው። 31 ዓመቱ ነበር። እሱ ስሙን የተከለ ተጫዋች ነው። በአንድ ዓመት ውል ተጠባባቂ ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ ጉልበቱ ቢሄድ በዓመቱ መጨረሻ ማን ያስታውሰዋል?

ፔቴሮ ሲቮኒሴቫን እንዳትጠቅስብኝ። በፊጂ ዋና ከተማ ሱቫ ተወልዶ በሕፃንነቱ አውስትራሊያ የገባው ፔቴሮ ከ1998 እስከ 2012 ከ300 በላይ የሊግ ጨዋታዎች አድርጓል፤ ለአውስትራሊያ 45 ጊዜ ተሰልፏል፤ በ2013 የዓለም ዋንጫም ፊጂን በአምበልነት መርቷል። ይህን የመሰለ ዕድሜ በሜዳ ላይ ያገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ በእነሱ ልክ ኑሮ አይታቀድም።

አባትህ ደሴ ላሉ ዘመዶች «ልጄ ፈረመ» ብለው ለቤት መሥሪያ ገንዘብ ቃል መግባታቸውን ጽፈሃል። ከይቅርታ ጋር፣ ይህ ስህተት ነው። ቃሉን የገቡት እሳቸው ናቸው፤ ዕዳው ወደ አንተ ጉልበት መዞር የለበትም። ፊጂያዊው የቡድን ጓደኛህም ወር በወር ወደ መንደሩ እንደሚልክ ነግረኸኛል። ከውጭ ወደ ፊጂ የሚላከው ገንዘብ በዓመት ከ1 ቢሊዮን የፊጂ ዶላር ያልፋል፤ ብዙ ቤት በዚያ ይኖራል። ግን ጓደኛህን ጠይቀው፤ ተጎድቶ በተቀመጠባቸው ወራት የላከው ከየት አምጥቶ ነው? አባትህን አስቀምጠህ በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ንገራቸው፤ ውሉ ስንት እንደሚከፍልና ለስንት ወር እንደሆነ በቁጥር አሳያቸው።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ሜልበርን ውስጥ ለዓመታት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቤተሰቤን ያኖርኩት ቅዳሜና እሑድ በዚያው የኤሌክትሪክ ሙያ ፈቃድ እየሠራሁ ነው።

ስለዚህ ሥልጠናህን ጨርስ። ስትጨርስ 21 ዓመት ይሆንሃል፤ ሲቮ ከጀመረበት ዕድሜ አራት ዓመት ይቀድማል። ክለቡን ማታ ማታ መለማመድ ትችል እንደሆነ ጠይቀው፤ በታችኛው ሊግ ቀን ሠርተው ማታ የሚለማመዱ ብዙ ናቸው። እምቢ ካሉ ለሰፈርህ ክለብ ተጫወት።

ወደ ዩኒየን ስለ መዛወር ያነሳኸው አሁን አያስቸኩልም። ቅድሚያ ገንዘብ ለሚጠይቅ ወኪል ግን አንድ ሳንቲም አትስጥ።

ክለቡ የማታውን ልምምድ ከተቀበለም ከመፈረምህ በፊት ይህን በጽሑፍ ይመልሱልህ፤ ብትጎዳ ሕክምናህንና ደመወዝህን ማን ይከፍላል? እስከ መቼስ?